የኤሊ ልጅና የጆሮው መለኪያ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ የተላከለትን ደብዳቤ የሚያነብለት አጥቶ ባፈረበት ዓመት፣ በአንድ ሰፊ ሸለቆ ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አንበሳም «የሸለቆው ልጅ ሁሉ ይማር፤ አንድም እንዳይቀር!» ብሎ አገሳና ርዕሰ መምህርነቱን ለአህያ ሰጠ። አህያ ሸክም ይችላል፣ ትእዛዝ አይመልስም፣ ሲናገርም ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ለሹመት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንስሳቱ «የኔታ» ይሉት ጀመር፤ እሱም ስሙን ወደደው።

መዝጋቢዋ ቀበሮ ነበረች፤ ዘበኛው ደግሞ አያ ጅቦ። ምዝገባው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ቀበሮ ወደ አህያ ጠጋ አለች።

«የኔታ፣ ለትምህርት የደረሰውን ካልደረሰው በምን እንለያለን? እኔ አንድ ደንብ አውቃለሁ። ልጁ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የወዲያኛውን ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ አልደረሰም።»

«ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው?»

«ለሁሉም! ለአንበሳም ልጅ፣ ለአይጥም ልጅ። አድልዎ የሚባል ነገር አያውቅም።»

አህያ ደስ አለው። ማሰብ የማይጠይቅ ሕግ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። የቀበሮ ልጆች ጆሮ ከጭንቅላታቸው የሚበልጥ መሆኑን ልብ አላለም።

በማግስቱ ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ መጣ። የጦጣ ልጅ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ባንዴ ነክቶ ገባ። አያ ጅቦም የራሱን ልጅ አቁሞ «ነካ! ነካ!» ብሎ ጮኸ።

«የነካው እኮ አጠገቡ የቆመውን የፍየል ግልገል ጆሮ ነው» አለች ቀበሮ።

«ታዲያ ደንቡ ጆሮ ይንካ እንጂ የማን ጆሮ መች አለ?» አለ ጅብ፣ ዓይኑን ከግልገሉ ሳይነቅል። ልጁ ተመዘገበ።

ቆየት ብሎም ከወንዙ ዳር አንድ ወር ሙሉ ስትጓዝ የከረመች ኤሊ ትንሿን ልጇን ይዛ ደረሰች። አያ ጅቦ ልጅቱን አገላብጦ አያት።

«ጆሮሽ የታል?»

«እሰማለሁ» አለች ልጅቱ።

«መስማትሽን ማን ጠየቀሽ? ጆሮሽ የታል ነው የምልሽ!»

እናትየው ወደ አህያ ዞረች። «የኔታ፣ የእኛ ጆሮ ከውጭ አይታይም። እጃችንም አጭር ነው፤ በዚህ ድንጋይ በመሰለ ልብሳችን ላይ አይሻገርም። እባክዎ በሌላ ነገር ይፈትኑልኝ። ከመማር በቀር ሌላ ወሬ የላትም።»

«እመት ኤሊ፣ ላንቺ ልጅ ብዬ ሕግ ባጣምም ሌላው ምን ይለኛል? ለሚመጣው ዓመት አምጪያት፤ እስከዚያ ታድጋለች።»

«ዕድገት ጆሮ ያወጣል እንዴ የኔታ?»

አህያ ቀጣዩን ተማሪ ጠራ።

እናትየው ወደ ወንዟ ስትመለስ ልጅቱ ግን አልተመለሰችም። ከትምህርት ቤቱ የእሾህ አጥር ውጭ ተቀምጣ፣ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ትሰማ ጀመር። በየዓመቱ የምዝገባው ቀን ሲደርስ ተሰልፋ እጇን ትዘረጋለች፤ እጇ ልብሷ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ አያ ጅቦም «ቀጣይ!» ይላል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። አህያ አጥሩ ሥር መኖሯን አሳምሮ ያውቃል። አንዳንድ ቀን እንድትሰማው ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር፤ ይህንንም ደግነት ብሎ ቆጥሮታል። ቀበሮ በየዓመቱ ለአንበሳ በምትልከው ወረቀት ላይ «የቀረ ልጅ የለም» ብላ ስትጽፍ ግን በሰኮናው ያትምበታል።

በሦስተኛው ዓመት አንበሳ ራሱ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጣ። በክፍሉ ፊት ቆሞ ጠየቀ፦

«ወንዝ ሊሞላ ሲል ምን ምልክት ይታያል?»

የቀበሮ ልጆች ተያዩ። የጦጣ ልጅ ራሱን አከከ። የጅብ ልጅ ተኝቷል። ያን ሁሉ ጆሮ የያዘ ክፍል ጭጭ አለ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦ «ጉንዳን ልጆቹን ተሸክሞ ወደ ዳገት ይወጣል። ውኃውም ዝናብ ሳይዘንብ ይደፈርሳል።»

«ደግ መለሰ!» አለ አንበሳ። «ማነው እሱ?»

አህያ እውነቱን ቢናገር «ታዲያ ከውጭ ምን ትሠራለች?» መባሉ ነው። የታተመው ወረቀት ሁሉ፣ ሹመቱ፣ «የኔታ» መባሉ በዓይኑ ዞረበት።

«ማንም አይደለም ጌታዬ፤ ነፋስ ነው።»

«እንግዲያው ከተማሪዎችህ ሁሉ ነፋሱ ይሻላል» አለ አንበሳና ወደ ምሳው ሄደ።

አህያ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልቆ ተመለከተ። ልጅቱ የምትጠራ መስሏት አንገቷን ወደ በሩ አስግጋ ነበር። ቆየት ብላ አንገቷን ሰበሰበችና ዞራ መንገድ ጀመረች። ሌላ ፍጡር ቢሆን ሮጦ ይሰወር ነበር፤ ኤሊ ግን ከዓይን ለመራቅ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ያን ግማሽ ቀን ሙሉ አህያ ቆሞ አያት። ስሟን ቢጠራት ትሰማው ነበር። አልጠራትም።

ልጠራት ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ሲል ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱም ወጣ። የምዝገባው ቀን ደረሰ። አህያ የሰልፉን መጨረሻ ደጋግሞ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመጣችም።

ሁሉም ሲበተን ምን እንደነካው እንጃ፣ በባዶው ሜዳ መካከል ቆሞ የፊት እግሩን አነሳና በአናቱ ላይ ሊያሻግር ታገለ። ሰኮናው ከአገጩ አላለፈም። ጭራሽ ተንገዳግዶ በጎኑ ወደቀ።

«የኔታ፣ አልደረሱም! ለሚመጣው ዓመት ይመለሱ!» ብሎ አያ ጅቦ ከበሩ ላይ ጮኸ።

አህያ ከወደቀበት ሳይነሳ አለቀሰ። ከዚያም ተነስቶ ቀበሮን ጠራትና «ይህ ደንብ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል!» አላት።

«አዬ የኔታ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች ቀበሮ እየሳቀች።

«የት ሄድኩና? እዚሁ ነኝ!» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ።

አህያ አልሳቀም። ቀጥታ ወደ ወንዙ ገሰገሰ። ልጅቱን አሸዋ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛት። አድጋለች። ከፊቷ ተንበረከከ።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ነፋስ ነው ያልኩት አንቺ መሆንሽን እያወቅሁ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ ከፊት ለፊት ቦታ አዘጋጅቼልሻለሁ። ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ፤ እኔ እሸከምሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ የኔታ» አለች በትሕትና። «ከአጥር ውጭ ሆኖ መስማት ይቻላል፤ መጠየቅ ግን አይቻልም። ያን ጊዜ ስንት ጥያቄ ነበረኝ መሰልዎ! ማታ ማታ እንዳይጠፉብኝ እየደጋገምኩ እተኛ ነበር።»

«አሁን ጠይቂኝ! የፈለግሽውን ጠይቂኝ!»

ልጅቱ ብዙ አሰበች። አህያ ሁለቱንም ረጃጅም ጆሮዎቹን አቁሞ ጠበቀ።

«ረሳኋቸው የኔታ» አለችው፤ ቀስ ብላም ወደ ውኃው ገባች።

አህያ ብቻውን ተመለሰ። ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት እጅ የሌለው እባብም፣ ጆሮው የማይታየው እንሽላሊትም ገብቶ ይማራል፤ እያንዳንዱም በሚችለው ይፈተናል። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የኔታ፣ ጥያቄ አለኝ» ባለ ቁጥር ግን አህያ ዕንባው ይመጣበታል፤ ልጆቹም ምን እንደሆነ አያውቁም።

ከዚህ የምንማረው፣ የተለያዩ ልጆችን ባንድ መለኪያ ለክቶ ደጅ ማስቀረት ፍትሕ እንዳልሆነ፣ ደጅ ያስቀረነውንም ልጅ ዘግይተን ብንጠራው በሩን እንጂ ያለፈውን ዘመኑን ልንመልስለት እንደማንችል ነው።