ዝቅ አድርጎ የሚሰጠው

ዝቅ ያለ ሁሉ የተዋረደ ይመስላችኋል? መልሱልኝ እንጂ! ዝም ካላችሁ እንግዲህ ስሙ።

በአንዲት የገበያ ከተማ ዳር እንቁላል በኤሌክትሪክ ሣጥን እያስፈለፈለች ጫጩት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጎረቤቶቿ እትዬ ሙላቷ ይሏታል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ወዲህ ጎኗ አላረፈም። ሣጥኑ ቀዝቅዟል፤ እንቁላሎቹ ደግሞ ሊፈለፈሉ ደርሰዋል። በጋቢ ጠቅልላ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በመካከላቸው አስገብታ፣ ጥቂቱን በሆዷ አቅፋ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። በሕልሟ ከተራራ ጫፍ የሚወረወር ፏፏቴ አየች። ድምፁ ምድር ያንቀጠቅጣል። ከሥሩ የተጠማች ወፍ ቆማለች፤ ልትጠጣ ግን አትደፍርም። አንድ ሰው ወደ ፏፏቴው ገባና ትከሻውን ሰጠው። ውሃው በትከሻው ላይ ተሰባብሮ፣ በክንዱ ወርዶ፣ መዳፉ ላይ ጸጥ ብሎ ተኛ። ወፊቱም ጠጣች። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ያንጎራጉር ነበር። ያን ዜማ የት እንደምታውቀው ሊገባት ሲል ጩኸት ቀሰቀሳት።

አዲሱ ትራንስፎርመር በመኪና መጥቷል። ያወረደው ግን የለም። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገዝሙ ከመኪናው ፊት ቆመዋል።

«ምንድን ነው የሚሠራው?» ብለው አብሮ የመጣውን ቴክኒሻን ጠይቀውት ነበር።

«ከላይ የሚመጣውን ዝቅ አድርጎ ይሰጣችኋል።»

«እኛን ዝቅ አድርጎ?»

«እናንተን አይደለም አባቴ፣ ቮልቱን፣ ግፊቱን!»

«ማዶ ያለው ዱቄት ፋብሪካ በከፍተኛው መስመር ይቀበላል፤ ለእኛ ዝቅ ያለው! ሙሉውን በቀጥታ ስጡን፤ አለዚያ ይሄን ቀናሽ ይዛችሁ ተመለሱ!»

ቴክኒሻኑ «ፋብሪካውም የራሱ ትራንስፎርመር አለው እኮ» ቢል ማን ይስማው። አንዲት ሴት ከኋላ «አቶ ገዝሙ፣ አምፖልዎ ክብር ካማረው ካባ ያልብሱት!» ብላ ሰውን አሳቀች፤ እሳቸውም ባሰባቸው። ሾፌሩ ታክቶት ሞተር አስነሣ።

ያን ጊዜ እትዬ ሙላቷ ሕልሟ ከዓይኗ ሳይጠፋ፣ አንድ እንቁላል በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

«አቶ ገዝሙ፣ እስቲ ጆሮዎን ያስጠጉ።»

አስጠጉ። ፊታቸው ተለወጠ። «ያንኳኳል» አሉ በሹክሹክታ።

«ልውጣ እያለ ነው። በርዶታልና ደህና አድርጌ ከሰል አንድጄ መሃሉ ላስቀምጠው? ሙሉውን፣ በቀጥታ?»

«ይቀቀላል እንጂ! ምን ነካሽ?»

«ታዲያ እኛስ ብንሆን?»

አቶ ገዝሙ እንቁላሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። በመጨረሻ «ስቀሉት» አሉ። ወዲያው ደግሞ ኮስተር ብለው፣ «ግን ከፍ አድርጋችሁ!» አሉ።

ስለዚህ ዝቅ አድርጎ የሚሰጠውን ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ ሰቀሉት። ገባችሁ? ወይስ ልድገመው?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መብራት መጣ። ከምሰሶው ላይ ለስላሳ እንጉርጉሮ ወረደ። እትዬ ሙላቷ በሣጥኑ አጠገብ ተጋድማ ሰማችው፤ የሕልሟ ዜማ እሱ ነበር። በማግስቱ ሣጥኑ በጫጩት ድምፅ ተሞላ። ሁሉም ግን አልተፈለፈሉም።

«ያ እኔ የሰማሁትስ?» አሉ አቶ ገዝሙ ሊጠይቁ መጥተው።

እንቁላሉን አውጥታ እንደ ቀዘቀዘ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ አቶ ገዝሙ ብድግ አሉ። «መኪናውን አቁሜ እንቁላሉን ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ወገኖቼ፣ በዚያ የብረት ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። አንዱ ከላይ ይቀበላል፣ አንዱ ወደ ታች ይሰጣል። እርስ በርሳቸው አይነካኩም፤ ግን የአንዱ ትርታ ለሌላው ይደርሳል። ኃይሉን የሚሰርቅ እንዳይመስላችሁ! ግፊቱ ሲወርድ ፍሰቱ ይበዛል። የሚወርደው የሚገድለው ነው፤ የሚበዛው የሚያሞቀው ነው።

ጌታ ወደ እኛ በመብረቅ ቢመጣ ማን ይተርፍ ነበር? ዝቅ አለ። ሕፃን ሆኖ በክንድ ታቀፈ። እናንተስ ምን ሆናችሁ ነው ከእርሱ በላይ ከፍ የምትሉት? ጥቅስ ስለምታውቁ? ድምፃችሁ ስለሚያስተጋባ? ነጎድጓድ መሆን ምን ያስቸግራል? የበረደው ሰው ቤት ገብቶ ሙቀት መሆን ነው ጭንቁ!

ባለፈው እሑድ አንዲት ልጅ እዚያ በር ላይ ቆማ ነበር። ገብቷችሁ እንደሆነ አላውቅም፣ ታንኳኳ ነበር። «ጸሎት እንዴት ይጀመራል?» ብላ ጠየቀች። ከእኛ አንዱ ስለ ልብሷ፣ ስለ ኃጢአቷ፣ ስለ ገሃነም፣ ያለውን ሁሉ፣ ሙሉውን፣ በቀጥታ ለቀቀባት። ልጅቷ ተመልሳ ሄደች። ዛሬ የለችም፤ አይቼ ነው የገባሁት።

አቶ ገዝሙ ስለ አንድ እንቁላል ተነሥተው መልሰዋል። ያቺን ልጅ ከደጅ የመለሳት ማን ነው? በጓዳ አትንገሩኝ፤ ከጉባኤው በኋላም አትጎትቱኝ። እየጠበቅሁ ነው። ይነሣና እዚሁ፣ በሁላችን ፊት ይመልስ!