ገበያ ላይ ዝም ያሉት ሦስት ዶሮዎች

በእኛ አገር ሙሽራው በሠርጉ ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አማቱ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው!» ካለች፣ ከኋላ ካሉት አሮጊቶች አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አንዲት ተረት ጣል ታደርጋለች፤ አጠገቧ ያለችውም በሳቅ ትፈርሳለች። ተረቷ መነሻ አላት። መነሻዋም ቢቸና አጠገብ ይኖር የነበረ ተገኘ የሚባል ሰው ነው። አክስቴ ያኔ የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፣ የገብስማዋንም ዶሮ ፈረሰኛ በልቻለሁ ብላ ትምላለች። የአባወራው ድርሻ የሆነው ፈረሰኛ እንዴት ለእሷ እንደደረሰ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ተገኘ ዶሮ አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። በዕድሜው አንዲት ጫጩት አሳድጎ አያውቅም፤ ጠላ ቤት ከተቀመጠ ግን ስለ ዶሮ ዘር አውርቶ አይጠግብም። «ቀይ ዶሮ ቁጡ ናት። ነጭ ጭልፊት ትጠራለች። ጥቁር ተንኮለኛ ናት። ለትንሽ ጓሮ ገብስማና ወሰራ ነው!» ይላል።

ችግሩ፣ ጓሮው የእሱ አይደለም፤ የሚስቱ የአትጠገብ ነው። ሁለት ቁርበት ቢነጠፍበት የሚሞላ መሬት ነው። አትጠገብ ግን ክረምቱን ሙሉ አመድና ፍግ ተሸክማ ጎመን፣ ጤና አዳምና የቃሪያ ችግኝ አብቅላበታለች። ባል ቤት ገብታ «የኔ» ያለችው ነገር ቢኖር ይኸው ጓሮ ብቻ ነው። ማለዳ ማለዳ እየወጣች ችግኞቿን ትቆጥራለች፤ ሠላሳ ሁለት ናቸው።

«ዶሮ ይግባ ካልክ ይግባ» አለችው። «ግን ዝምተኛ፣ ሰው ወዳድ፣ መሬት የማትጭር ትሁን። ችግኜ ከተነካ ዶሮዋ ወጥ ናት፤ አንተም ዳግመኛ ስለ ዶሮ አፍህን አትከፍትም።»

መሬት የማትጭር ዶሮ እስከ ዛሬ አልተፈለፈለችም። ተገኘ ግን «ለእኔ ተይው» አለ።

በገበያ ዕለት ከጎረቤቱ ከሽማግሌው ከአያ ታከለ ጋር ወረደ። ዶሮዎቹ እንደ ወትሮው እግራቸው በልጥ ታስሮ፣ ጭንቅላታቸው ቁልቁል፣ ከእንጨት ላይ ተንጠልጥለዋል። ተገኘ ምርመራውን ጀመረ። ላባ እፍ አለ፤ ክንፍ ገለጠ። ከዚያ ወደ አንዲት ገብስማ ጎንበስ አለና ጆሮዋ ሥር «ኩኩሉ!» ብሎ ጮኸባት። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየው። ዶሮዋ ትንፍሽ አላለችም።

«አያ ታከለ፣ አዩልኝ? ጨዋ ማለት ይቺ ናት!»

ሻጭዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ጌታው፣ የሚገዙት ዶሮ ነው ምራት?»

«ምራት ብትከፋ ጓሮ አትጭርም!» አላትና ወደ አንዲት ወሰራ አለፈ። ብብቷን ኮረኮራት፤ ዝም። ለሦስተኛዋ፣ ለአንገተ መላጣዋ፣ ጣቱን መንቁሯ ፊት ደቀነላት፤ እሷም ዝም።

በዚህ መሀል አንዲት ያልታሰረች ቀይ ዶሮ ከሻጭዋ እግር ሥር ወጥታ፣ የአያ ታከለን ጫማ በመንቁሯ ነካ ነካ አድርጋ እግራቸው ላይ ተቀመጠች።

«እሷ ከልጆቼ ጋር ያደገች ናት፤ እሷን ይውሰዱ» አለች ሻጭዋ።

«ትንቀሳቀሳለች!» አለ ተገኘ፣ ልክ ስድብ እንደሚሳደብ። «ደግሞ ቀይ ናት።»

ቀይዋን አያ ታከለ ገዝተው ብብታቸው ሥር ሸጎጧት። ተገኘም ሦስቱን ዝምተኞች ዘቅዝቆ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

«ነይ ስሚ!» አላት ሚስቱን። አትጠገብ ጆሮዋን አስጠጋች። ምንም የለም። ፊቷ ፈካ አለ። «እውነትም ጨዋዎች ናቸው! በል ፍታቸው» አለችና ጥሬ ልታመጣላቸው ወደ ቤት ሮጠች።

ልጡ ተቆረጠ። ዶሮዎቹ ለአፍታ ጋደም እንዳሉ ቆዩ። ሰማዩ ወደ ቦታው መመለሱን ሲያረጋግጡ ግን ብድግ አሉ። ገብስማዋ የቃሪያው መደብ ላይ ዘላ የአባቷ ርስት ይመስል ትገለብጠው ጀመር። ወሰራዋ ጣራ ላይ ወጥታ ሰፈሩን በኡኡታ ጠራች። አንገተ መላጣዋ የተገኘን ቁርጭምጭሚት በመንቁሯ ትወቅጠው ገባች። እሱም «እሽ! እሽ!» እያለ ሲያሳድድ፣ ገብስማዋ የማረችውን ችግኝ በጫማው ጨረሰው። ጎመኑም በእሱው እግር ሄደ።

አትጠገብ ጥሬ ይዛ ስትወጣ ቆመው የቀሩት አራት ችግኞች ብቻ ናቸው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከልቧ ነበር ያዘነችው፤ የሙሉ ክረምት ድካሟ ነው።

«ማርያምን! ገበያ ላይ ጆሮዋ ሥር ጮኼባታለሁ፤ ዝም ነው ያለችው! አያ ታከለ ምስክሬ ናቸው!» አለ ተገኘ አንድ እግሩን አንሥቶ።

ጎረቤቱ በኡኡታው ተሰብስቦ ነበር። አያ ታከለም በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ቀይዋ ዶሮ ትከሻቸው ላይ ተቀምጣለች።

«ተገኘ፣ ያኔ ጭንቅላቷ ወዴት ነበር?»

«ወደ ታች።»

«እግሯስ?»

«ታስሮ… ወደ ላይ።»

«አንተን በእግርህ አንጠልጥዬ ጆሮህ ሥር ‹ኩኩሉ› ብልህ ምን ትመልስልኛለህ?»

ተገኘ ቆሞ አሰበ። «ምንም» አለ።

አትጠገብ ባሏ ገበያ መሀል ተዘቅዝቆ ታያትና እንባዋን ሳትጠርግ ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ ስትስቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሂድ ቢላ አምጣ!» አለችው። «ነገ ደግሞ ሃያ ስምንት ችግኝ ትተክላለህ። የገብስማዋ ፈረሰኛ ለጎረቤት ልጅ ነው፤ ለአንተ አንገቷ ይበቃሃል።»

ተገኘ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቢላው ሲሄድ፣ አያ ታከለ ወደ ጎረቤቱ ዞር ብለው «ምን ያድርግ ብላችሁ ነው፤ ዘቅዝቆ ቢያያት ዶሮን ጨዋ አላት!» አሉ።