ቅጠል ላመጣ በግማሽ

አንድ ሰው ነበረ። ጨው ነጋዴ። አስካለ ልጄ፣ «ሱቁ ከጋዜጣ የቅናሽ ኩፖን ቆርጣችሁ አምጡ ከሚለን ዋጋውን ለሁሉም ለምን አይቀንስም?» አልሽኝ አይደል? ቆርጠሽ ስትሄጂ ጎረቤትሽ ስቃብሽ ከፍቶሻል። በይ ሳታቋርጪ ስሚኝ።

ይህ ሰው ከበረሃ አሞሌ ጨው በአህያ ጭኖ፣ አሥራ ሁለት ቀን ተጉዞ ወደ አንድ የደጋ ገበያ ያመጣ ነበር። ከሱ በቀር ወደዚያ አገር ጨው የሚያመጣ የለም። አንድ ዓመት መኖ ተወደደና ዋጋ ጨመረ። ሀብታሞቹ ገዙ፤ ድሆቹ ዋጋ ጠይቀው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። የጨዉ ግማሽ ሳይሸጥ ቀረ።

በሚቀጥለው ጉዞ ለሁሉም በግማሽ ሸጠ። ወይ ጉድ! ድሃው ከሀብታሙ ጋር ተሻምቶ ጨዉ ከቀትር በፊት አለቀ። ሰውየው ያገኘው ግን ለአህዮቹ መኖ እንኳ አልበቃም፤ አንዷን አህያ ሸጣት። እንዲህ ከቀጠለ እሱ ለልመና ይወጣል፤ አገሩም ክረምቱን ያለ ጨው ይበላል።

«ሞቼ ነው ይህን ገበያ የምተወው!» አለ። ከገበያው በላይ በቅሎ የማይወጣው ገደላማ ኮረብታ ነበረ፤ ጫፉ ላይ ያረጀ የኮሶ ዛፍ። በገበያው ቀን እንዲህ ብሎ አስለፈፈ፦ «ከዚያ ዛፍ አንድ ቅጠል ላመጣ፣ አንድ አሞሌ በግማሽ ዋጋ! ላላመጣ በሙሉ!»

ሰዉ «ለየለት፣ አበደ» አለ። አንዲት እናት ግን ለልጆቿ ወር ሙሉ ጨው የሌለው ወጥ ስታበላ ከርማለችና ነጠላዋን አሸርጣ ወጣች። ላቧ እየተንጠፈጠፈ ቅጠሉን አምጥታ አሞሌዋን ተቀበለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወጡ።

በበቅሎ የመጣ አንድ ባለጸጋ ሲጀምር ሳቀባቸው። ዋጋውን ሲሰማ ግን ቱግ አለ። «ለሷ በግማሽ፣ ለኔ በሙሉ? ምን ዓይነት ግፍ ነው?»

ነጋዴው ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። እጁን ወደ ኮረብታው ዘረጋ። «ጌታዬ፣ ዛፉን ማንም አልከለከለዎትም። ወጥተው ያምጡ፤ ለርስዎም በግማሽ ነው።»

ባለጸጋው ኮረብታውን አየ፤ ፀሐዩንም አየ። እያጉረመረመ ሙሉውን ከፈለ።

ያን ቀን ጨዉ ሁሉ ተሸጠ፤ መኖም ተገዛ። ክረምቱንም በዚያ አገር ጨው አልጠፋም። ቅጠሉንስ? ሜዳ ላይ ጣለው፣ ምን ያደርግለታል!

እንግዲህ አስካለ፣ ኩፖንሽ ያ ቅጠል ነው። ሱቁ ወረቀትሽን ፈልጎ አይደለም። ለሁሉም ቢቀንስ፣ በሙሉ ዋጋም ከሚገዛው ሰው የሚያገኘው ይቀርበታል፤ ባይቀንስ አንቺን ያጣል። ስለዚህ ቅናሹን ለሚደክምለት ሰው ብቻ ያስቀምጠዋል። ጻድቅ ነው አላልኩሽም፤ ካንቺም ከጎረቤትሽም የሚችለውን ይወስዳል። አንቺም ጨው ሳያምርሽ ለቅጠል ብለሽ ኮረብታ እንዳትወጪ። ካስፈለገሽ ግን መቀስሽን አንሺና ቁረጪ። ጎረቤትሽ ከሳቀችብሽ፣ «ባለጸጋውም ሲጀምር ስቆ ነበር» በያት።