ይውሰዱኝ ያላለው ጋቢ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። የቤት ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ብርዳም ተራራ ሥር እማማ ትርንጎ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ስንዱ በወሊድ ሞተችባቸውና የአራት ቀን ጨቅላ ታቅፈው ቀሩ። የፍየል ወተት ቢያቀምሱት አልስማማው አለ። ልታጠባው የምትችለው የእህታቸው ልጅ ያለችው ደግሞ ከተራራው ማዶ ነው። መንገዱ አንድ ሌሊት ውርጭ ላይ ያሳድራል።

አህያቸው፣ «እማማ፣ እርስዎንና ልጁን እሸከማለሁ። ከዚያ በላይ የምችለው አንድ መኝታ ብቻ ነው። አስበው ይምረጡ» አላቸው።

እማማ እሳቱ ዳር ተቀምጠው ያላቸውን መኝታ ሁሉ አወጡ።

አጎዛው ቀደመ፤ መቼም አጎዛ ጉራ አያጣውም። «እኔን ይውሰዱኝ! የበግ ቆዳ ከነጠጉሬ ነኝ። የምድር ብርድ በእኔ አያልፍም» አለ።

«ከላይስ ምን እለብሳለሁ?» ብለው ወደ ጎን አደረጉት።

ወፍራሙ ዝተት ቀጠለ። «እኔን ይውሰዱኝ። ከበግ ጠጉር የተሠራሁ ነኝ። እከብዳለሁ፣ እኮሰኩሳለሁ፣ ጭስ ጭስ እሸታለሁ። ግን ብርስም አሞቃለሁ» አለ።

«ለዚህ ለጨቅላ ገላ አንተን? ወግድ!» አሉት።

ጋቢው ምንም አልተናገረም። ስንዱ ናት እርጉዝ ሆና ጥጡን የፈተለችው። እማማ አንስተው ፊታቸውን ቀበሩበት። «አንተን ነው የምወስደው። የልጄ የእጇ ሥራ ነህ» አሉ።

«አይውሰዱኝ» አለ ጋቢው።

«ምን አልክ?»

«አይውሰዱኝ፣ እማማ። የሞቅሁዎት እሳት ዳር ስለሆንን ነው። እኔ ጥጥ ነኝ፤ ጉም የነካኝ እንደሆነ ውኃውን እጠጣና ልጁ ላይ እቀዘቅዛለሁ። ስንዱን ቀብረዋል። ልጇንም በእኔ ጠቅልለው እንዳይቀብሩ!»

እማማ ተቆጥተው ወረወሩት። ከዚያ አለቀሱ። የተናገረው እውነት ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ዝተቱን አጥፈው ግማሹን ያንጥፉ፣ ግማሹን ይልበሱ። ነፋስ እንዳይገባ ጎንና ጎኑን ይስፉት። ክሩን ከእኔ ይምዘዙ።»

እማማ የልጃቸውን ፈትል አንድ በአንድ መዘዙ። ጋቢው እየሳሳ ሄደ፤ አንዴም አመመኝ አላለም። ክሩን ገምደው ዝተቱን እንደ ስልቻ ሰፉት፤ በማግስቱም መንገድ ጀመሩ።

ተራራው ላይ ጉም ወረደ። ከጉሙ በኋላ ካፊያ፣ ከካፊያው በኋላ ውርጭ መጣ። እማማ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝተቱ ውስጥ ገቡ። ዝተቱም ኮሰኮሳቸው፣ ሸተታቸው፣ አሞቃቸው።

ሲነጋ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሕፃኑ ጸጥ ብሏል። እማማ ደንግጠው ገላውን ቢዳስሱት ትኩስ ነው! ይሄኔ ሕፃኑ ራበኝ ብሎ ጮኾ አለቀሰ።

«አልቅስ፣ የኔ ጌታ፣ አልቅስ» አሉት፤ እሳቸውም አብረውት አለቀሱ። ከዚያ አህያው ላይ ወጥተው ጡት ወዳለበት አገር ቁልቁል ወረዱ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ያወራሁላችሁን ይዛችሁ ግቡ። ያዙኝ፣ ውሰዱኝ የሚል ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ልጁ ይትረፍ እንጂ እኔ ልቅር ያለ፣ እሱ ነው የወደደ።