የይርገዱ የእግር ቆብ

ድሮ ነው ልጆቼ። አያቴን ያዋለደችው ሴት እንኳ ገና ሳትወለድ፣ ብርዱ ከዛሬው ሲከፋ፣ ሰውም ከዛሬው ይልቅ ወሬ ሲፈራ። ወሬስ ዛሬም ይፈራል፤ ተዉት። ያን ጊዜ ጅብራ አፋፍ በሚባል የደጋ መንደር ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ወንድይራድ ባና ሠሪ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ከእሷ በፊት የተወለዱት ሁሉ ስለሞቱ አልጣሽ ብለው አወጡላት።

ጅብራ አፋፍ ላይ ውርጭ ይጥላል። ትከሻ ባና ይለብሳል፤ ራስ ቆብ ይደፋል፤ እግር ግን ባዶውን ይሄዳል። ለምን ቢሉ፣ በዚያ አገር እግሩን የሚጠቀልል ቁምጥና የያዘው ሰው ብቻ ነበርና። ጤነኛው እግሩን ከሚሸፍን ጣቱ ቢረግፍ ይመርጣል። ሞኝነት ነው። ግን ሞኝነትም አገር ከተስማማበት ሕግ ይሆናል።

አንድ ጊዜ አንድ የሩቅ አገር ነጋዴ እነይርገዱ ቤት አደረ። ሲሄድ ያረጀ የእግር ሹራቡን ጥሎ ሄደ። ይርገዱ አነሣችው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ጫፉን ይዛ ብትስበው ተፈታ። ቢፈታ ቢፈታ አንድ ክር ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ልቧ እዚያው ቀረ።

የቤቱ የበግ ጠጉር ለባና ነው፤ አይነካም። ስለዚህ በጎች ባለፉበት እሾህ ላይ ተይዞ የቀረውን ትለቅማለች። ትፈትላለች። ቀጫጭን የወይራ እንጨት ቀርጻ ክሩን ትጠልፋለች። የመጀመሪያው ተረከዝ አልነበረውም፤ እንደ ጎራዴ አፎት ቀጥ አለ። ፈታችው። ሁለተኛው ተረከዝ አወጣ፤ ያወጣው ግን በጎኑ ነው። ፈታችው። ሦስተኛው መልክ ያዘ፤ ስፋቱ ግን አቁማዳ አከለ። ጎረቤት ሣቀባት። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አሏት። የሠራችውንም «የእግር ቆብ» አሉት። እሷም አብራ ሣቀች። ደስ ብሏት የያዘችው ነገር ነው፤ ለማንም ይጠቅማል ብላ አልነበረም።

ወንድይራድ ባናውን እንዲጠብቅለት በፍል ውሃ ነክሮ ሲረግጥ ያን አቁማዳ አብራ ጣለችለት። ረገጠው። ሲወጣ ተኮማትሮ፣ ወፍሮ፣ ልክ የሰው እግር አክሎ ወጣ። ይርገዱ እልል አለች። ከዚያ በኋላ እልል ስትል የሰማት የለም።

ወንድይራድ ባናውን ሊሸጥ ቆላ መውረድ ነበረበት፤ ቆላ ለመውረድ ደግሞ ውርጭ በር የሚባለውን የተራራ ማለፊያ መሻገር ነው። ይርገዱ ጥሩ አድርጋ አንድ ጥንድ ሠራችለት። «እባክህ አድርገው» አለችው። «በይ ይሁን» ብሎ አደረገው። እስከ መንደሩ ጫፍ ሄደ። እዚያ ሰዎች ሲመጡ አየ። አወለቀና ጉያው ከተተው። በሩን በባዶ እግሩ ወጣ፤ በባዶ እግሩ ወረደ። ሲመለስ በቃሬዛ ነው። እግሮቹ ጠቁረዋል። ጣቶቹ እየረገፉ፣ ሥቃዩን አይቶ ሞተ። ልብሱን ሲያወልቁለት የእግር ቆቡ ከጉያው ወጣ፤ አንድ ክር አልተነካም።

አገሩ ታዲያ ብርድ ገደለው አላለም። «ሚስቱ የእግር መሸፈኛ የምትሠራው ለካ ለዚህ ኖሯል! ጣቱ ረገፈ አይደል?» አለ። ቁምጥና ከዘር ይወርዳል ይባል ነበርና የሰው ዓይን ሁሉ ወደ አልጣሽ እግር ዞረ።

አልጣሽ ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ እናት እሜቴ ጠጂቱ ሀብታም ናቸው፤ አፋቸውን አልከፈቱም፤ ግን ለመተው ሰበብ ይጠብቃሉ። ያ ጋብቻ ከፈረሰ ያን ቤት የሚረግጥ ሌላ ሽማግሌ የለም። አልጣሽም ይህን ታውቃለች። ባዶ እግሯን ከሰው ፊት መዋል ጀመረች፤ ሰው ጣቶቿን እንዲቆጥር።

ይርገዱ መሥራቷን አልተወችም። እጇ ካረፈ ልቧ አያርፍም። ለቀመች፤ ፈተለች፤ ጠለፈች፤ ረገጠች። ስልቻ ሞላች። አንድም ሰው አልወሰደላትም።

በጅብራ አፋፍ የጓሳው ሣር ለዓመታት ይከለከልና በአንድ ቀን ይከፈታል። ያን ቀን ሁሉም የቤቱን ክዳን ሊያጭድ ይወጣል። በዚያ ዓመት በተከፈተ ዕለት ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ሜዳው ነጭ ሆነ። በላዩ ጉም ወደቀበት። ሰው መንገድ ጠፍቶት በያለበት ተኮማትሮ ተቀመጠ።

ይርገዱ አብራው የወጣችውን ስልቻዋን ይዛ፣ በሰው ድምፅ እየተመራች መጣች። አንዱ ፊት ተንበረከከች። «እግርህን ስጠኝ» አለች። እግሩን ሰበሰበ። አንዷ ፊት ተንበረከከች። «እግርሽን ስጪኝ» አለች። እግሯን ሰበሰበች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «እኔን ከእንግዲህ ማን ያገባኛል! ነይ አልብሺኝ» አሉ። በዚያ ብርድ ውስጥ ሰው ሣቀ። ከሣቁ በኋላ አንዱ ሰጠ፤ ሌላውም ሰጠ።

አልጣሽ ከእሜቴ ጠጂቱ አጠገብ ነበረች። እሜቴ እግራቸውን አልሰጡም። ይርገዱ ልጇ ፊት ተንበረከከች።

«ልጄ፣ እግርሽን ስጪኝ።»

አልጣሽ እሜቴን አየች። እግሯን ከቀሚሷ ሥር ሰበሰበች። «እማዬ፣ ሰው ያያል» አለች።

ይርገዱ መቆጣት ትችል ነበር። እግሯን በግድ መሳብ ትችል ነበር። ግን ያን ጋብቻ አሰበች። «እሺ ልጄ» አለች። ተነሥታ አለፈች።

ጉሙ ሲገለጥ እግራቸውን የሰጡት ተነሥተው ሄዱ። አልጣሽ መነሣት አቃታት። ተሸክመው ቤቷ አስገቧት። እግሯ ጠቆረ፤ ጥቁረቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ሞተች። የእሜቴ ጠጂቱም ጣቶች ረገፉ። በእሳቸው ዘር ቁምጥና አለ የሚል አልነበረምና ያን ጊዜ ለአገሩ ገባው። ብርድ ነበር። ወንድይራድንም የገደለው ብርድ ነበር።

እሜቴ ጠጂቱ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ይርገዱ ደጅ ላይ ወደቁ። ይርገዱ ወጣች።

«ድንጋዩን ያውርዱት» አለቻቸው። «እኔም እሺ ብዬ አልፌያታለሁ።»

እሜቴ ሌላውን ልጃቸውን ሲድሩ ይርገዱን ለምነው የሙሽራዋን እናት ቦታ አስያዟት። ከዚያ ጣቱ በረገፈ እግራቸው እያነከሱ መጥተው በዳሱ ሰው ሁሉ ፊት ሙሽራዋ እግር ሥር ተንበረከኩ። የእግር ቆብ ይዘዋል።

ዛሬም በጅብራ አፋፍ ሰርግ እንዲሁ ነው። የሙሽራው እናት ተንበርክካ «እግርሽን ስጪኝ» ትላለች። ሙሽራዋ እግሯን ሰብስባ «ሰው ያያል» ትላለች። ዳሱ በሙሉ «ይየው! ሰው ይየው!» ብሎ ይጮኻል። ትሰጣለች። ሕፃናቱ ጨዋታ መስሏቸው ይሥቃሉ። በዚያ ጩኸት መካከል ግን አንድ ሰው ዝም ማለት አለበት፤ የሙሽራዋ እናት። ይርገዱ በዚያ በመጀመሪያው ሰርግ እልል ልትል አፏን ከፍታ ድምፅ አልወጣላትም ነበርና።