በጌጥ የተጠቀለለው የአቶ ጥሩነህ ውጤት

ስሙኝማ፤ ፍላጎቷ ትንሽ ነበር። እታፈራሁ የፈለገችው የአባቷ የልብ ምርመራ ውጤት አዲስ አበባ ላይ እንዲከፈት ብቻ ነው። እዚያ ያሉት ሐኪም ለአባቷ ለአቶ ጥሩነህ አልጋ ይዘውላቸዋል። ውጤቱን እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ካላዩ ግን አልጋው ለሌላ ይሰጣል። በሰው ስልክ የመጣ አይቀበሉም፤ ከከተማችን ሆስፒታል ኢሜይል መሄድ አለበት።

ሦስቴ ተላከ። ሦስቴም የደረሰው ማንም ሊከፍተው የማይችል ጥቅል ነው።

እታፈራሁ ወደ ኮምፒውተር ባለሙያው ወደ ሚልኪያስ ሮጠች። አየና ጥፋቱ የኢሜይል ፕሮግራሙ ነው አላት። የሆስፒታሉ ኃላፊ ለእንቁጣጣሽ ባለቀለም መልካም ምኞት ሊልኩ ብለው መልእክቱ ሁሉ በጌጥ እንዲሄድ አስደርገው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ አባሪውን ሁሉ ራሱ ብቻ በሚያውቀው መጠቅለያ ይጠቀልላል። ጌጡን ማንሳት ቀላል ነው፤ ግን ያለ ኃላፊው ደብዳቤ እንዳይነካው ታዟል።

ሚልኪያስ ያለ ደብዳቤ አልነካም አለ፣ ፕሮግራሙ ሳልጠቀልል አልልክም አለ፣ ጥቅሉ አልከፈትም አለ፤ አባቷ ትንፋሽ አጥሯቸው ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል።

ኃላፊው ጋ ሄደች። ደብዳቤውን ወዲያው ፈረሙላት፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ማህተም የሌለው ደብዳቤ ምን ደብዳቤ ነው? ማህተሙ ደግሞ መዝገብ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

መሳቢያው ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ኃላፊው ያለ ማህተም አላወጣም አሉ፣ ሚልኪያስ ያለ ደብዳቤ አልነካም አለ፣ ፕሮግራሙ ሳልጠቀልል አልልክም አለ፣ ጥቅሉ አልከፈትም አለ፤ አባቷ ኮሪደር ላይ ናቸው።

ቁልፉስ? ቁልፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሽታዬ ጋ ነው። እሳቸው ደግሞ ባላቸውን ከቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውም ዝግ ነው። እዚህ ላይ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ቁልፍ አምጡ ብሎ ማን ይደፍራል?

ድንኳኑ ቁልፉን አልለቅም አለ፣ መሳቢያው ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ኃላፊው ያለ ማህተም አላወጣም አሉ፣ ሚልኪያስ ያለ ደብዳቤ አልነካም አለ፣ ፕሮግራሙ ሳልጠቀልል አልልክም አለ፣ ጥቅሉ አልከፈትም አለ። አስር ሰዓት ሆነ። አባቷ ደረታቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

እታፈራሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ገባችና ተቀመጠች። አፏን ልትከፍት ስትል እንባዋ ቀደማት። ወይዘሮ ሽታዬ ለሟች የምታለቅስ መስሏቸው አጽናኗት። ያኔ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"የኔም ባል አልጋ ሲጠብቅ ነው የሞተው" አሉና ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ። "ተነሺ ልጄ፣ እዚህ አትቀመጪ።"

ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፣ መሳቢያው ማህተሙን ሰጠ፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ ደብዳቤው ሚልኪያስን አስነሳ፣ ሚልኪያስ ጌጡን አነሳ፣ ፕሮግራሙ ሳይጠቀልል ላከ፣ ውጤቱም ተከፈተ። ለአስራ አንድ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው "አይተነዋል፤ ይምጡ" የሚል መልስ መጣ። እታፈራሁ አባቷን ደግፋ አስነሳቻቸው።

ጌጡን ማንሳት የፈጀው አርባ ሰከንድ ነው። የኔም ወሬ እዚህ አበቃ፤ ወይዘሮ ሽታዬ ግን አሁንም ድንኳኑ ውስጥ ናቸው።