ጋሽ ቢራራ የነኳት መኪና

አንድ በሙያቸው አንቱ የተባሉ መካኒክ ነበሩ፤ ጋሽ ቢራራ ይባላሉ። ሞተር ከመንገድ ማዶ ሲያልፍ ድምፁን ሰምተው የቱ የእሳት መለኮሻ ካንዴላ እንደደከመ ያውቃሉ እየተባለ ይወራላቸዋል። ወሬው ትንሽ ተጋኗል፤ እሳቸው ግን አስተባብለው አያውቁም። በጋራዣቸው አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፦ ጋሽ ቢራራ ያጠበቁትን ብሎን ማንም መልሶ አይፈትሽም። መፈተሽ እሳቸውን መጠራጠር ነዋ! ነውር ነው።

አንድ ቀን ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ደንበኛ መኪናቸውን ቱን አፕ ሊያሠሩ አመጡ። ጋሽ ቢራራ ካንዴላውን ቀየሩ፣ ፊልትሮውን ቀየሩ፣ የቆሸሸውን አጸዱ። ሞተሩ ልስልስ ብሎ ተነሣ። ወይዘሮ አልጋነሽም መርቀዋቸው ሄዱ።

በማግስቱ መኪናዋ ተጎትታ ተመለሰች። ዳገት ላይ ተንቀጥቅጣ ቆማለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ በርቷል። ሠራተኞቹ ተረባረቡባት። የቤንዚን ፓምፑን አዩ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና አዩ፣ ባትሪውን ቀየሩ። ወይ ፍንክች! የመመርመሪያውን ማሽን ሲሰኩባት ደግሞ የስህተት መዓት ተዥጎደጎደ። ይኼኛው ሴንሰር ጠፋ ይላል፣ ያኛው የሞተሩ ኮምፒውተር አልመልስ አለኝ ይላል። «በቃ፣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ብለው ፈረዱ። በዚያ ከተማ ደግሞ የተቃጠለ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው የለም።

ጋሽ ቢራራ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ፈርተዋል። ነገሩ ከአንዲት መኪና አልፎባቸዋል። ኮምፒውተር የሚባለው ነገር በእጅ አይዳሰስ፣ በጆሮ አይሰማ! ከእንግዲህ የሚመጣው መኪና ሁሉ እንዲህ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሲሉ አሰቡ። «ይቺን ካልቻልኩማ ጋራዡን እዘጋለሁ» ብለው በልባቸው ቆረጡ።

ከመዝጋታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ልሞክር አሉና ትርሲትን አስጠሩ። ትርሲት ሙያውን እሳቸው ዘንድ ተምራ የወጣች፣ አሁን የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ሴት ናት። መጣች፤ ማሽኑን አየት አደረገችና ዘጋችው።

«ከቱን አፑ በፊት ደህና ነበረች?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም አልነበረባትም» አለ አንዱ ሠራተኛ።

«ከመበላሸቷ በፊት መጨረሻ ላይ የነካት ማነው?»

ሠራተኛው ጋሽ ቢራራን ሰረቅ አድርጎ አየና «ጋሼ ናቸዋ» አለ።

«እሺ፣ እሳቸው የነኩትን አያችሁት?»

«ምን ነካሽ ትርሲት! ጋሼ ያጠበቁትን እኛ ልንፈትሽ?»

ትርሲትም ብትሆን እጇን አልሰደደችም፤ ያደገችበት ቤት ነው። የብሎን መፍቻ ቁልፉን አነሣችና በሁለት እጇ ለጋሽ ቢራራ አቀበለቻቸው። «እንግዲያው እርስዎ ይዩታ፣ ጋሼ። ሌላማ ማን ይደፍራል?»

ጋሽ ቢራራ ፊታቸው ጋለ። እኔን ነው? ሊሉ ነበር፤ ዋጥ አደረጉት። ተነሥተው ኮፈኑ ሥር አጎነበሱና የነኩትን ሁሉ በተራ እየዳሰሱ ሄዱ። ከሞተሩ ጀርባ ሲደርሱ የማሳው ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት ሽቦ፣ እጃቸው ላይ ተወዛወዘ። ለእጃቸው ቦታ ለማግኘት ራሳቸው ነበሩ የፈቱት። ሲመልሱት ብሎኑን በጣታቸው አስገቡና በቁልፍ ማጥበቁን ረሱት። ለካ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም! ኤሌክትሪክ እየተቆራረጠበት ነው የዘባረቀው።

አጠበቁት። ትርሲት የስህተቱን መዓት ከማሽኑ አጠፋችና ሞተሩን አስነሣች። ልስልስ ብሎ ዞረ፤ አንድም መብራት አልበራም።

ሠራተኞቹ ጋሽ ቢራራ ያፍራሉ ብለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እሳቸው ግን ከት ብለው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል፣ ጋሼ?» አለች ትርሲት።

«እፎይ! የእኔ ጥፋት ነው እኮ! የእኔ ከሆነማ ማስተካከሉን አውቅበታለሁ። የኮምፒውተሩ ቢሆን ኖሮ ምን እሆን ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቢራራ ሥራ ሲጨርሱ «በሉ ኑ፣ ፈትሹኝ» ይላሉ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ እየተሽኮረመሙ ነበር የሚመጡት፤ አሁን ለምደውታል።

እኛስ? ሥራችን ሲበላሽ፣ ትዳራችን ሲናጋ፣ ልጃችን ሲያኮርፈን ጣታችንን የምንቀስረው እጃችን በማይደርስበት ነገር ላይ ነው፦ በዘመኑ፣ በዕድላችን፣ በሰው ጠባይ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ሞት ሆኖ ይታየናል። የምናከብረውን ሰውም ደፍረን ስለማንጠይቀው ከነስህተቱ ብቻውን እንተወዋለን። ከጥፋት ሁሉ መፍትሔው ቅርብ የሆነው ግን የራሳችን ጥፋት ነው፤ ያበላሸው እጅ እዚሁ አለና። እስቲ ዛሬ ተስፋ የቆረጣችሁበትን ነገር አስቡት፤ መጨረሻ ላይ የነካው ማን ነበር?